ከአምስት ምርጫ ኮርሶች የትኞቹን ሁለት? ለአንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በክልል ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዲፓርትመንታችን ለሚቀጥለው ሴሚስተር አምስት ምርጫ ኮርሶች አውጥቶ ሁለት ምረጡ ብሎናል፤ ዳታቤዝ፣ ቢዝነስ ዳታ አናሊቲክስ፣ የኢንፎርሜሽን ሲስተም ቁጥጥርና ኦዲት፣ ኢአርፒ እና ኢ-ኮሜርስ። ሴኒየሮች ኢ-ኮሜርስ ላይ ኤ ይገኛል ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ተይና ፓይተን ተማሪ ይለኛል። ሒሳብ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፣ ላፕቶፔም አሮጌ ነው። ስመረቅ ባንክ መግባት እፈልጋለሁ። እርስዎ ቢሆኑ የትኞቹን ይመርጡ ነበር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ዳታቤዝን ውሰጂ። ሁለተኛው የሲስተም ቁጥጥርና ኦዲቱ ይሁን። ዳታ አናሊቲክስ በእኔ ዘንድ ሦስተኛ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች አለ፣ ስሙ ከሁሉም የሚያምር መሆኑን ግን አልክድም። ኢ-ኮሜርስና ኢአርፒ (የድርጅትን ሂሳብ፣ ግዢና ክምችት በአንድ ላይ የሚይዘው ሲስተም) ይቅሩብሽ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። በብዙ ካምፓስ «ምርጫ» የሚባለው ኮርስ ምርጫ የሚሆነው ካሪኩለሙ ላይ ብቻ ነው። አስተማሪ የተገኘለት ኮርስ ይከፈትና ባቹ በሙሉ ተሰልፎ ይገባል። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ፎርም ከመሙላትሽ በፊት የክፍል ተጠሪያችሁ ዲፓርትመንት ሄዶ «ለየትኛው አስተማሪ ተመድቧል? ለየትኛው የኮምፒውተር ላብ ሰዓት ተይዟል?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እኔ ቀን ባንክ ውስጥ የሪፖርትና የዳታ ሥራ እሠራለሁ፣ ማታ አስተምራለሁ፤ ላብ የሌለው የዳታ ኮርስ ወንዝ ሳይገቡ ዋና እንደመማር ነው።

ፍሬሽ ሳለሽ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂን ወስደሻል። የቢግ ዳታን «ቪ»ዎች (ብዛት፣ ፍጥነት፣ ዓይነት የመሳሰሉትን) ሸምድደሻል፣ ዳታ ወደ ኢንፎርሜሽን እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየውን ሥዕል ሠርተሻል። ኮርሱ ለማስተዋወቅ የተዘጋጀ ስለሆነ አልወቅሰውም። አሁን ግን አንድ ጊዜ ተዋውቃችኋል፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሁለተኛ ትውውቅ አያስፈልግሽም። ስለዚህ ኮርስ ስትመርጪ ከስሙ ይልቅ «ሴሚስተሩ ሲያልቅ በእጄ የሠራሁት ምን ይኖረኛል?» የሚለውን አስቢ። ዳታቤዝን ያስቀደምኩት በዚህ ምክንያት ነው። በመካከለኛ አስተማሪ እጅ እንኳ ተማሪው ሠንጠረዥ ሠርቶ፣ ሠንጠረዦቹን አገናኝቶ፣ ጥያቄ ጠይቆ መልስ አውጥቶ ይወጣል። ዳታ አናሊቲክስ ግን በደካማ አስተማሪ እጅ የስላይድ ድርድር ሆኖ ሊያልቅ ይችላል።

ባንክ እገባለሁ ስላልሽ የባንክ ዳታ ምን እንደሚመስል በራሴ ላይ በደረሰ ላሳይሽ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት፣ ከቅርንጫፎች የተሰበሰበ የብድር ዝርዝር በኤክሴል ደረሰኝ። የመክፈያ ቀኖቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ነበር፤ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። ሰኔ 5 ቀን 2011 በፋይሉ ላይ «05/10/2011» ተብሎ ገብቷል። ኤክሴል ያነበበው «ሜይ 10፣ 2011 እ.ኤ.አ.» ብሎ ነው። ገና ሰሞኑን የደረሰው ብድር በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ያለፈበት ሆኖ ቁጭ አለ። ሰኔ 15 ደግሞ «15/10/2011» ነው። አሥራ አምስተኛ ወር ስለሌለ ኤክሴል ቀን መሆኑን አላወቀም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው፣ ስንት ቀን እንዳለፈ ሲሰላም ከስሌቱ ውጭ አደረገው። የጥቅምት 30 ብድሮችም ቀን አልሆኑም፤ «30/02/2011» ሲል ወር ሆኖ የሚነበበው 30 ነው፣ ሠላሳኛ ወር ደግሞ የለማ። ይባስ ብሎ ጳጉሜን 3 የሚከፈል አንድ ብድር ነበረ፣ «03/13/2011»። አሥራ ሦስተኛ ወራችንን ኤክሴል ያለምንም ቅሬታ ማርች 13 አድርጎ ተቀበለው!

የስህተት መልእክት አልወጣም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ግማሹ ብድር ያለ ዕድሜው አርጅቶ፣ ግማሹ ከቆጠራ ውጭ ሆኖ፣ ሠንጠረዡ ግን አምሮ ተቀምጧል። እኔና አንድ ባልደረባዬ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አምሽተን ነው የደረስንበት፤ እሱም ያወቅነው ስምንት ዓመት የዘገየ ብድር በሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው ቅርንጫፍ ስላየን ነው።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። አይኤፍአርኤስ 9ን፣ ብድርን የመሰለ የፋይናንስ ሀብት የሚመዘገብበትን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ፣ ትማሪያለሽ ወይም ተምረሻል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ደረጃ ባንኩ ኪሳራ እስኪደርስ እንዲጠብቅ አይፈቅድም፤ ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ አስቀድሞ ገምቶ መጠባበቂያ እንዲይዝ ያዝዛል። ብድሮች በሦስት እርከን ይመደባሉ። ክፍያው 30 ቀን ካለፈ፣ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር፣ አደጋው ጉልህ ጨምሯል ተብሎ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ 90 ቀን ካለፈ እንዲሁ እንደተበላሸ ይቆጠርና ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያው እርከን የሚያዘው የ12 ወር ግምት ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው የብድሩ ሙሉ ዕድሜ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ አንድ የቀን አጻጻፍ ስህተት ጤነኛ ብድርን ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው እርከን ወርውሮ ትርፉን ይበላዋል። በተቃራኒው የጠፋው ብድር ትርፉን ያለ አግባብ ያሳብጠዋል። ለሂሳብ ሠራተኛ ዳታ ማለት ይሄ ነው፤ ክፍል ውስጥ በደንብ የተማርሽው ስታንዳርድ ከሥር ባለ አንድ ዓምድ ሊፈርስ ይችላል።

ስሞችም ሌላ ጣጣ አላቸው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፤ ለአንቺ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተር ሦስት። መሐመድ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ ኤሟን ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል። አንዱ ፎርም የአያት ስም ይጠይቃል፣ ሌላው በአባት ስም ያበቃል። አንድ ደንበኛ በሦስት ቅርንጫፍ ሦስት ሰው ሆኖ ይበደራል። ዳታቤዝ ኮርስ ላይ «ፕራይመሪ ኪይ» የሚባል ነገር ታገኚያለሽ፤ አንዱን መዝገብ ከሌላው የሚለይ፣ የማይደገም ቁጥር ማለት ነው። በመጽሐፍ ስታነቢው ደረቅ ነው። ባንኮች ለምን ባለ 12 አኃዙን የፋይዳ ቁጥር አምጡ እንደሚሉ ስታስቢ ግን ይገባሻል፤ ስም ሰውን አልለይ ሲል ቁጥር ይለየዋል።

እነዚህን በሽታዎች ለማከም የሚያስተምረው ኮርስ ዳታቤዝ ነው። መሠረቱን የጣለው በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ዳታን በሠንጠረዥ፣ በሠንጠረዦች መካከል ያለውን ዝምድና በጋራ ዓምድ መግለጽ እንደሚቻል አሳየ። በ1974 እዚያው አይቢኤም ቻምበርሊንና ቦይስ የጥያቄ ቋንቋ አወጡለት፤ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለው እሱ ነው። ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎት ዛሬም ባንክ ውስጥ በየቀኑ የምጽፈው እሱን ነው። ሶፍትዌር ግን ይሄዳል ይመጣል። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ስሙ ተለውጦ ሴጅ 50 ከሆነ ስንት ጊዜው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ በሥራ ማስታወቂያ ላይ «የፒችትሪ ዕውቀት ያለው» እንላለን።

ሒሳብ ላይ ጎበዝ አይደለሁም ላልሽው፣ ኤስኪውኤል ሒሳብ አይደለም። አንድ ጥያቄ በቃል ቢነገር እንዲህ ነው፤ «ከብድር ሠንጠረዥ፣ ክፍያቸው 90 ቀን ያለፈባቸውን ለይተህ፣ በየቅርንጫፉ ደምረህ አምጣ።» ዴቢትና ክሬዲት የሚገባው ሰው ይህ ይገባዋል። እንዲያውም የአካውንቲንግ ተማሪ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪው የሚበልጥበት ቦታ አለ። እሱ ጥያቄውን ፈጥኖ ይጽፋል፤ አንቺ ግን የወጣው መልስ እንደማይሆን ታውቂያለሽ፣ ምክንያቱም ከዋናው የሂሳብ መዝገብ፣ ከጄኔራል ሌጀሩ ጋር ታመሳክሪዋለሽ። የቁጥጥር ሂሳቡና ዝርዝሩ ካልገጠመ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ለዳታ ሥራ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

«ኤክሴል አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ እኔም እወደዋለሁ፣ ያለ ፒቮት ቴብል ውዬ አላውቅም። ግን ወሰን አለው። አንድ ሺት ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም፣ የድሮው የፋይል ዓይነት ደግሞ 65,536 ብቻ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣን የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን በዚያ በድሮው ዓይነት ፋይል ሲሰበስብ ከወሰኑ ያለፉት ተቆረጡ፤ 15,841 ሕሙማን ከዕለታዊው ሪፖርት ወደቁ፣ ከእነሱ ጋር የተገናኙ ሰዎችን ፍለጋም ዘገየ። የአንድ ትልቅ ባንክ የግብይት መዝገብ ከዚያ ረድፍ በላይ ለመሙላት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የሲስተም ቁጥጥርና ኦዲት ስሙ አሰልቺ ነው፣ ተማሪ ይሸሸዋል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ በካምፓሶች የነበረውን የሌሊት የኤቲኤም ሰልፍ ግን ወይ አይተሻል ወይ ሰምተሻል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በተማሪዎች መካከል በቴሌግራም ተዛመተ፣ ባንኩም ለሰዓታት አገልግሎቱን ዘጋ። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ሲስተም ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን አሳወቀ። አብዛኛው ሰው ያስታወሰው ገንዘቡን መልሱ የተባሉትን ተማሪዎች ነው። የሲስተም ኦዲተር ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ማንኛውም ባንክ ሲስተሙን ሲያሻሽል ለውጡን ማን አጸደቀ? በሙከራ ሲስተም ላይ ተፈትኗል? የጻፈው ሰውና ሥራ ላይ ያዋለው ሰው የተለያዩ ናቸው? ችግር ቢመጣ ወደ ቀድሞው የመመለሻ መንገድ ተዘጋጅቷል? ኮርሱ የሚያስተምረው እነዚህን ነው። ገንዘብ ተቀባዩና መዝጋቢው አንድ ሰው አይሁን የሚለውን የኦዲት ሕግ አንደኛ ዓመት ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ያው ሕግ በኮድ ላይ ሲሠራ ታያለሽ።

ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በአሜሪካ የሲፒኤ (የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ) ፈተና ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተለውጧል፤ ተፈታኙ ሦስቱን ዋና ክፍሎች ወስዶ ከሦስት ዘርፎች አንዱን ይመርጣል፣ ከዘርፎቹ አንዱም የኢንፎርሜሽን ሲስተምና ቁጥጥር ነው። እዚያ ያሉ የሐበሻ ተማሪዎች ሲያማክሩኝም የምሰጠው መልስ ካንቺው ብዙ አይለይም።

ዳታ አናሊቲክስን ለምን ሦስተኛ አደረግሁ? ኮርሱ ጥሩ ሆኖ ሲሰጥ ከሁሉም ይጣፍጣል። ግን ሲላበሱን ጠይቀሽ እይው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የተዝረከረከ ፋይል የሚሰጣችሁ፣ ማጽዳቱ ብቻ ሦስት አራት ሳምንት የተመደበለት፣ በመጨረሻም አንድ ሪፖርት በፓወር ቢአይ (የሪፖርት መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) ወይም በኤክሴል ሠርታችሁ ፊት ለፊት የምትከላከሉበት ከሆነ ከኦዲቱ ይልቅ እሱን ብትወስጂ አልቀየምሽም። «የማሽን ለርኒንግ መግቢያ፣ የዲፕ ለርኒንግ መግቢያ፣ የብሎክቼይን መግቢያ» እያለ በየሳምንቱ መግቢያ ብቻ የሚደረድር ከሆነ ግን መውጫም የለው። የምትፈልጊውን ስታትስቲክስ ደግሞ በመደበኛ ኮርስሽ ወስደሻል ወይም ትወስጂዋለሽ፤ አማካይና ሚዲያን መቼ እንደሚለያዩ፣ ሪግሬሽን ምን እንደማይነግርሽ በደንብ ከያዝሽ ለጅምሩ ይበቃሻል። ለኦዲተር የሚሆን አንድ ጣፋጭ ነገር ልጨምርልሽ፤ የቤንፎርድ ሕግን ፈልጊና አንብቢ። በተፈጥሮ በተሰበሰቡ ብዙ የገንዘብ ቁጥሮች ውስጥ በ1 የሚጀምሩት 30 በመቶ ያህል፣ በ9 የሚጀምሩት 5 በመቶ እንኳ የማይሞሉ ናቸው። ሰው ከራሱ ፈጥሮ ቁጥር ሲጽፍ ይህን ሥርጭት መምሰል ያቅተዋል። ሌባ አያስይዝም፣ የት መፈተሽ እንዳለብሽ ግን ይጠቁምሻል።

ኢአርፒ ላይ ብዙ አልቆይም። ሲስተሙ ራሱ ካልተከፈተ ኮርሱ የስክሪን ፎቶ ማየት ነው፤ ሥራ የሚቀጥርሽ ድርጅት የራሱን ሲስተም ራሱ ያሠለጥንሻል። ኢ-ኮሜርስ ደግሞ ያው ኤው ነው የሚስበው። መማሪያው የውጭ ድረ ገጾችን ሲያስረዳ እኛ ዘንድ ግብይቱ በቴሌግራም ቻናል ተዋውሎ፣ በቴሌብር ተከፍሎ፣ በሞተረኛ ይላካል። ከዚህ ውስጥ ለሂሳብ ሠራተኛ የሚጠቅመው የቴሌብርን መዝገብ ከባንክ ሂሳብና ከሽያጭ መዝገብ ጋር ማስታረቅ ነው፤ እሱን ደግሞ የምትማሪው ዳታቤዝ ላይ «ጆይን»፣ ማለትም ሠንጠረዦችን ማገናኘት፣ ሲደርሳችሁ ነው። ጂፒኤሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን አልፈርድብሽም፣ ኤ ኤ ነው፤ የአንዱን ቦታ ስጪው፣ የዳታቤዝን ቦታ ግን አትስጪው። የመውጫ ፈተናውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ ዲግሪ ስለማይገኝና ከዋና የሙያ ኮርሶች ስለሚወጣ፣ ለምርጫ ኮርስ ብለሽ የኮስትና የኦዲትን ጥናት እንዳታሳንሺ።

ወንድምሽ አልተሳሳተም፣ የቸኮለ ነው። ፓይተን ጥሩ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ግን ዳታው በየት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚበላሽ ሳታውቂ ብትጀምሪው ስህተቱን በፍጥነት ታባዢዋለሽ። ኤስኪውኤሉን ከያዝሽ በኋላ ክረምት ላይ ጀምሪው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው፣ ከኮርሶቹም አንዱ የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ነው። ኤአይ ኮዱን ይጽፍልኛል ካልሽም ይጽፍልሻል፤ እኔም አስጽፈዋለሁ። ያንን «05/10/2011» ግን ሰኔ ይሁን ሜይ የሚወስነው ፋይሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ነው።

ላፕቶፕሽ 4 ጂቢ ራም ካለው ለዳታቤዙ ይበቃል። ኤስኪውላይት የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ትንሽና ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪሽ እስካለ አይቋረጥም። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ነፃ ቢሆንም አሮጌ ማሽን ላይ ይከብዳል፣ እሱን በላብ ሥሪው። መለማመጃ ፍለጋ የማንንም ባንክ ደንበኛ ዝርዝር ከዘመድ እንዳታስልኪ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ያለ አዋጅም ነውር ነው። ሠፈራችሁ እቁብ ወይም ዕድር ካለ ጸሐፊውን አስፈቅጂና ስሞቹን በቁጥር ቀይረሽ የሦስት ዓመት መዝገቡን አስገቢው፤ አንድ የአባላት ሠንጠረዥ፣ አንድ የክፍያ ሠንጠረዥ። ቀኑን ስታስገቢ የተጻፈውን እንዳለ በአንድ ዓምድ አስቀምጪ፣ የተቀየረውን በሌላ። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ እንደ 2015 ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን 12 ይሆናል፤ ልወጣሽ ትክክል መሆኑን በመስከረም 1 ቀን 2016 ሞክሪው። ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ካልሰጠሽ ቀመርሽ ላይ የጎደለ ነገር አለ።